ግርማ የሚባለው ሰውዬ

ከናዝሬት የወጣሁት ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በጋሽ መኮንን ተሳቢ ነው። ጋሽ መኮንን የሰፈራችን ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ሾፌር። አባቴ ሊሸኘኝ አስፋልቱ ዳር ድረስ ወጣ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሲመሽ ከግቢ አይወጣም፤ ያን ቀን ግን አጥሩን በእጁ እየዳሰሰ መጣ። እቅፍ አድርጎኝ የሚያለቅስ መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ ስጠብቅ ምክር ጀመረ። "ስትጠራ ቶሎ አቤት በል" አለኝ። "አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ አሥሬ ካልተጠራህ አትሰማም። ሰው አገር ደግሞ አሥሬ የሚጠራህ የለም።" እሺ አባዬ አልኩት፤ ሳቄን ግን በግድ ነው የያዝኩት። ሰላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ አቤት በል ተብዬ እመከራለሁ!

አባቴ እህል መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳ ነው ያሳደገን። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ዓይኑ እምቢ ሲለው ከሥራ አሰናበቱት፤ ብዙም ሳይቆይ እኔ የምነዳበት ዴፖ ተዘጋና እኔም ቤት ዋልኩ። ሁለት ሥራ ፈት ወንድ አንድ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲውል ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። እሱ ሬዲዮ ይከፍታል፣ እኔ እዘጋለሁ፤ እኔ በር እከፍታለሁ፣ እሱ ይዘጋል። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ "ጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ፎርክሊፍት የሚነዳ ጠፍቶ ሰው እየለመኑ ነው" ሲለኝ አመንኩ። እናንተ አሁንም እዚያ ተቀምጣችሁ ይህንን ወሬ የምታወሩ ሰዎች፣ እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ማን ሲለምን አያችሁ? አንዳችሁም ዶራሌን አላያችሁትም እኮ!

በማግስቱ ጋላፊን አልፈን ጅቡቲ ስንገባ ከመኪናው ወረድኩና ወዲያው ተመልሼ መግባት አማረኝ። ናዝሬት ይሞቃል እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እዚህ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ ሻዩም እንደዚያው፤ ልብስህን አጥበህ ብታሰጣው ቶሎ ይደርቃል፣ ሳትለብሰው ደግሞ መልሶ ይበሰብሳል። ጋሽ መኮንን ካርቲየ 6 በሚባል ሰፈር የሚያውቃት ሐዋ የምትባል ሴትዮ ቤት አስገባኝና ጭነቱን ሊያራግፍ ሄደ። ፓስፖርቴ ላይ የሦስት ወር ቪዛ አለ። ቪዛው ሳያልቅ ሥራ ካገኘሁ ቀጣሪው ወረቀት ያወጣልኛል፤ ካላገኘሁ ራፍል አለ። ራፍል የሚሉት ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሰው ከየመንገዱ ለቅሞ ጭኖ ድንበር ላይ የሚደፋበት ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሥራ ወይም ራፍል፣ ሌላ ነገር የለውም።

ሐዋ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሥራ እንዳለኝ ነበር። እየፈለግኩ ነው ስላት ፊቷ ጠቆረ። "እኔ ሥራ ያለው ተከራይ ነው የምወደው" አለች። "ሥራ የሌለው ሰው ቀኑን ሙሉ ቤት ውሎ ቬንቲላተሬን ይጨርሰዋል።" ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በማግስቱ ጠዋት መጥታ ቬንቲላተሩን ነቅላ ወሰደች፤ ማታ መልሳ ሰካችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲህ ሆነ። አምላክ ያሳያችሁ፣ ሥራ ማጣቴን በየማለዳው ከግድግዳ ነቅለው በፊቴ ይዘውት ይሄዳሉ።

የመጀመሪያውን ሳምንት በሞኝነት ፈጀሁት። አገር ቤት አለቃ ጥሩ ፀባይ የሚኖረው ምሳ ከበላ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሥራ ማስረጃዬን ፎቶ ኮፒ ይዤ ከቀትር በኋላ እዞር ነበር። ከቀትር በኋላ ጅቡቲ ሰው የለም። ቀትር ላይ ከእኛው አገር ጫት ይገባል፣ መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል፣ ከዚያ ከተማው ሁሉ በሩን ዘግቶ ይተኛል ወይም ይቅማል። የእኛ ጫት በየቀኑ በሰዓቱ ይፈለጋል፣ እኔ ግን የሚፈልገኝ የለም! በተዘጋ የብረት በር ፊት በዚያ ሙቀት ቆሜ ሳንኳኳ ያየ ዘበኛ ሁሉ ያበድኩ እየመሰለው አባረረኝ። ጠዋት መሄድ ስጀምር ደግሞ ሌላ ጉድ። ፈረንሳይኛ የሚችለው ጸሐፊ "ዱማ" ይለኛል፣ ዘበኛው በሶማልኛ "በሪ" ይለኛል፣ የመናዊው መጋዘን ባለቤት "ቡክራ" ይለኛል። ሁሉም ነገ ማለት ነው። በሁለት ወር ውስጥ ከሦስቱም ቋንቋ አጣርቼ የተማርኩት አንድ ቃል ይኸው ነው። አምቡሊ ኤርፖርቱ ጋ ጭነት የሚያወርዱ ሰዎች አሉ ተብዬ ሄድኩ፤ በሪ። አንድ መጋዘን ልምድ የለህም አለኝ፣ ሁለተኛው ልምድህ በዝቷል፣ ብዙ ደመወዝ ትጠይቃለህ አለኝ። ደመወዝ የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም እኮ። ደሜ ይፈላል፣ ግን ደምህ ቢፈላ የሚያይልህ የለም፤ እዚያ አገር ሁሉም ሰው ፊቱ ቀልቶ ነው የሚውለው።

በዚህ መሀል ነው ዶራሌ ውስጥ ሠራተኛ የሚያቀርብ አንድ የውጭ ድርጅት ስድስት የፎርክሊፍት ነጂ እንደሚፈልግ የሰማሁት። ስሙን አልጠራውም፤ ስሙን መጥራት አፌን ማቆሸሽ ነው። በራቸው ላይ ስደርስ ወደ ሃምሳ ሰው ተሰልፏል። አንድ መነጽር ያደረገ ጅቡቲያዊ ጸሐፊ ፓስፖርታችንን እየተቀበለ ራሱ ወረቀት ላይ ይገለብጣል፤ እኛ ምንም አንጽፍም፣ እንፈርማለን ብቻ። ከዚያ አንድ በአንድ ለፈተና አስገቡን። ፈረንሳዊው ፎርማን ሳንቃ ላይ ውሃ የሞላበት ባልዲ አስቀምጦ፣ አንስተህ፣ ዞረህ፣ ከፍ ብሎ ካለው መደርደሪያ ላይ አኑር ይላል። ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ ሲፈስባቸው አየሁ። እኔ አባቴ ያስተማረኝን አደረግኩ። እሱ ሲያስተምረኝ የፎርክሊፍቱ ሹካ ላይ እንቁላል ነበር የሚያስቀምጠው፤ ሲሰበር እራታችን ነው የሚቀንሰው። ውሃው ንቅንቅ አላለም። ፎርማኑ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "ሐሙስ ዝርዝር ይነበባል" አለኝ።

ያን ማታ ለአባቴ ደወልኩና ባልዲውን ነገርኩት። ሦስት ጊዜ አስደጋገመኝ። "አልፈሰሰም?" ይላል፣ አልፈሰሰም እላለሁ። "ጠብታም?" ይላል። ቪዛዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው፤ እሱም ያውቀዋል፣ ቀኑን ከእኔ በላይ ይቆጥር ነበር። እሁድ ማታ ደውዬ ውጤቱን እንድነግረው ተስማማን።

ሐሙስ ጠዋት አግዳሚው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ጸሐፊው ወጣና ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። የተጠራው ይነሳል፣ ወረቀት ይቀበላል፣ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ "ግርማ" አለ። የሚነሳ የለም። ከአበሻ ስድስት ሰባት ስለነበርን ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። ጸሐፊው ደግሞ "ግርማ" አለ። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ ፈለግኩት። ወይ ጉድ፣ ሰው እንጀራው እየተጠራ የት ሄዶ ይሆን አልኩ። አጠገቤ ላለው ልጅ "ተኝቶ ይሆናላ፣ እንዲህ ዓይነቱ ነው ስማችንን የሚያጠፋው" አልኩት፤ ልጁም ልክ ነህ አለኝ። ጸሐፊው በእስክሪብቶው ሰረዘና ሌላ ሰው ጠራ። ስድስቱ ሞሉ። የእኔ ስም አልተጠራም።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ መጮሄን ግን አስታውሳለሁ። ባልዲው አልፈሰሰም እያልኩ፣ ፎርማኑን ጥሩልኝ እያልኩ በሩን ያዝኩ። ጸሐፊው አማርኛ ይሰማል፣ ሾፌሮቻችን አስተምረውታል። ስሜን ጠየቀኝ። ሳምሶን አልኩት። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየና ሳምሶን የሚባል ሰው የለም አለኝ። ቀትር ደርሶ ነበር፣ በሩ ተዘጋ። ካርቲየ 6 ድረስ በእግሬ ተመለስኩ። ቬንቲላተሩ በቦታው አልነበረም።

ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው። ሰናይት መጣች። ሰናይት የናዝሬት ልጅ ናት፣ አብረን ተምረናል፤ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፣ ዓርብ ዓርብ ብቻ ትወጣለች። ንዴቴን ሁሉ እሷ ላይ ዘረገፍኩት። ስድስቱን ሰዎች አንድ በአንድ ረገምኩ፤ ከሁሉም በላይ የረገምኩት ያን ግርማ የሚባለውን ሰውዬ ነው። እኔ እዚህ እያረርኩ እሱ ተጠርቶ እንኳ አቤት የማይል! ሰናይት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ሳሚ" አለችኝ፣ "የአባትህ ስም ማን ነበር?"

እኔ አባቴን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አባዬ ነው የምለው፤ ጎረቤቱም ጋሼ ነው የሚለው። ግርማ ማለት ለእኔ ባለ ሱቁ ግርማ ነው፣ ወያላው ግርማ ነው፣ አገር ሙሉ ግርማ አለ። ጆሮዬ ሳምሶን የሚል ድምፅ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ሰናይት ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እነሱ ሰውን የሚጠሩት በቤተሰብ ስም ነው፤ እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ፓስፖርቱ ላይ ከኋላ ያለውን የአባት ስም ይወስዳሉ፣ የራስህን አንድ ፊደል አድርገው ይተዉታል። እሷም ክሊኒክ ተቀምጣ "ማዳም አበበ" ተብላ ስትጠራ የሞተው አባቷ የመጣ መስሏት ወደ በሩ ዞራ ነበር። "ይህንን እኮ እዚህ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል" አለች። ታዲያ ማን ነገረኝ? ዶራሌ ሰው ይለመናል ያላችሁኝ ሁሉ፣ ይህችን አንዲት ነገር የምትነግሩበት አፍ አጣችሁ? አለቀስኩ። አላፍርም፣ አለቀስኩ።

እሁድ የእነሱ ሳምንት መጀመሪያ ነው። በሩ ሳይከፈት ደረስኩ። ጸሐፊው ፓስፖርቴን አይቶ ዝርዝሩን አወጣ፤ "ግርማ ኤስ" ይላል፣ ተሰርዟል።

"ሁለቴ ጠርቻለሁ" አለኝ። "እዚህ ከነበርክ ለምን ዝም አልክ?"

የአባቴ ስም እንጂ የእኔ አይደለም አልኩት። እናንተም እኮ እንደ እኛው ናችሁ፣ ሶማሌም በራሱ ስም ነው የሚጠራው፤ አንተን ሰው በአባትህ ስም ይጠራሃል ወይ ብዬ ጮህኩበት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው።

"ይህ ወንበር ላይ እስካለሁ አዎ" አለ። "ስወጣ ስሜን ይመልሱልኛል።"

ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ። ቦታው ተይዟል፣ ሌላ ዝርዝር ከወጣ ና አለኝ። መቼ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ ቢያንስ ነገ አላለኝም። ስወጣ በአጥሩ በኩል በእኔ ቦታ የገባውን ሰው አየሁት። ሹካውን ሳያስተካክል ሳንቃውን እየነቀነቀ ያነሳል። ያ ወንበር የእኔ ነበር፤ ተጠርቼበት፣ ጠሪውን እያየሁ፣ ራሴን እየረገምኩ ያስወሰድኩት ወንበር።

ቪዛዬ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነው እሁድ ማታ ለአባቴ የደወልኩት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው፤ ስልኩን ይዞ ተቀምጦ ነው የዋለው ማለት ነው። ሰላምታውን አሳጠረና "ዝርዝሩ ወጣ?" አለኝ። ወጣ አልኩት። "አልጠሩህም?" አለ። ገና አልታወቀም፣ ሌላ ዝርዝር አለ ልለው አዘጋጅቼ ነበር። ግን የሦስት ወር ንዴት አፌን ቀደመኝ።

"አንተን ነው የጠሩት አባዬ። ግርማ ብለው። ሁለቴ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ አግዳሚውን፣ ወደ ኋላ መዞሬን፣ መሰረዙን።

"ለፎርክሊፍት ነው የጠሩኝ?" አለ። ከመጋዘኑ ከተሰናበተ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። አዎ ለፎርክሊፍት ነው አልኩት።

"ታዲያ ልጄ" አለኝ፣ "ለምን አቤት አላልክልኝም?"