የቄሱ ቁስልና የእኔ ምላስ

ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሴ አያርፍም። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ጆሮው የማይሰማ ይሁን» ትለኝ ነበር። ያገቡኝ ግን ጆሯቸው ደህና የነበረ፣ ድምፃቸው የሚያምር ቄስ ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ስንኖር እሳቸው ዝም ይላሉ፣ እኔ እናገራለሁ፤ ቤታችን የሚተዳደረው እንዲህ ነበር። አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከብቱ አልቆ ክፉው ቀን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በወጣ ሰሞን ነው።

ደብራችን ከአንኮበር ግማሽ ቀን የምታስኬድ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ደብር ነበረች። ቀዳሾቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ አለቃው፣ ሌላው ባሌ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ ይታጎላል። ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ ደም የሚፈሰው ሰው፣ በአፍንጫውም ይሁን በእግሩ፣ ደሙ እስኪደርቅ ቤተ መቅደስ አይገባም። ቄስ ከሆነ አይቀድስም። ይህን ሕግ በእኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ጧት ቄሱ ከጓሮ ተመልሰው ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ከዚያ በፊት ብዙ ቀን በአንድ ጎናቸው ዘንበል ብለው ሲበሉ አይቼ «አንቱ፣ መደቡ ምን በደለዎት?» እያልኩ ቀልጄባቸዋለሁ። ያን ቀን ግን «ነይ እዪልኝ» አሉኝ። ምኑን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከበሩ በሚገባው ብርሃን ጎንበስ ብዬ አየሁ። በፊንጢጣቸው አፍ ላይ ሽምብራ የሚያህል እብጠት ነበር፤ ዙሪያው ቆስሎ ደም ያዣል።

«ኪንታሮት ነው» አልኩ። ምን አውቄ ነው? በዚያ ቦታ የወጣ ሁሉ ኪንታሮት ነው የሚባለው።

እሳቸው ልብሳቸውን ሰበሰቡና መስቀላቸውን አውጥተው «ለማንም ላትናገሪ በዚህ ማዪልኝ» አሉ። ማልኩ። አፍረው ነበር። የደብሩ ሰው ሁሉ ከእጃቸው መስቀል የሚሳለም ሰው፣ በዚያ ቦታ ታመሙ ሲባል መስማት አልፈለጉም። እኔም ብሆን አልፈልግም ነበር።

መቀደሳቸውን ግን አልተዉም። «እኔ ከቀረሁ ደብሯ ትዘጋለች፤ ኪንታሮት ደግሞ ሳምንት ሁለት ሳምንት ነው» አሉ። ሳምንቱ ወር ሆነ። አሮጌ ኩታ እየቀደድኩ ሦስት እጥፍ አድርጌ አስታጥቃቸዋለሁ፤ በዚያ ላይ ሱሪ፣ በዚያ ላይ ልብሰ ተክህኖ። ቅዳሴ በቁም ስለሆነ እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕመሙ ይቀልላቸው ነበር። የሚያሠቃያቸው መቀመጥና ጓሮ መውጣት ነው። ጓሮ ላለመውጣት ምግብ ተዉ፤ አጥሚትና የተልባ ውኃ ብቻ ሆነ። ዐቢይ ጾም ሲገባ እፎይ አልን፣ ሁሉም ሰው ስለሚከሳ የእሳቸውን መክሳት የሚያይ አልነበረምና። ኃጢአት መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እኔ ጨርቁን አጥባለሁ፣ እሳቸው ይቀድሳሉ፤ በደሉ የሁለታችን ነው።

ጨርቁን ከመንደሩ ወንዝ ማጠብ አልችልም። ሴቶቹ አንድ ክር ደም ቢያዩ ወሩን ቆጥረው፣ ዓመቱን ቆጥረው ይጨርሱኛል። ስለዚህ እነሱ ከወንዝ ከተመለሱ በኋላ እንዶዴን ይዤ ከገደሉ ሥር ወዳለው ምንጭ ብቻዬን እወርድ ነበር። መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ልብ ያፈርሳል። አንዳንድ ቀን እዚያ ቁጭ ብዬ በእሳቸውም በእግዜርም ላይ የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም።

ለፋሲካ ቀድሰው ሲመለሱ ደሙ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ወርዶ አገኘሁት። ሰው አላየም፣ ልብሱ ረዥም ነው። እሳቸው ግን አይተውታል። ከዚያ ቀን በኋላ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ማለቴ ነው፣ ቤተ መቅደስ አልገቡም። ለአለቃው «አልበቃሁም» ብቻ ብለው ከቅጽሩ ግንብ ሥር ቆመው ማስቀደስ ጀመሩ። አለቃው ከጎረቤት ደብር ቄስ እየለመኑ ማስቀደስ ያዙ።

በእኛ ዘንድ ደህና ቆሞ የሚሄድ ቄስ ውጭ ሲቆም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ወይ እሱ ወይ ሚስቱ ቃል ኪዳን አፍርሰዋል ማለት ነው። ሚስት ከሌላ ወንድ ጋር ከሄደች ቄሱ ወይ እሷን ይፈታል ወይ ክህነቱን ይተዋል። እሳቸውን ማማት ያስፈራል፤ እኔን ማማት አያስፈራም። ምላሴ የነካው ሰው ብዙ ነዋ። ደግሞ ምስክር ተገኘብኝ። የገበዙ ሚስት፣ ጎረቤቴ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ገደሉ ስወርድ አይታኛለች። ከምንጩ ዘንድ የምታገኘው ሰው አለ ተባለ። አሊዩ አምባ የሚነግድ ሲራራ ነጋዴ ነው ብለው እንኳ ሥራ ሰጡት። ያንን ነጋዴ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ጨርቁን አብሮኝ ያጥብ ነበር።

ለቄሱ ስነግራቸው «ልዳንና እገባለሁ፤ ስገባ ወሬው ይጠፋል» አሉ። ተናደድኩ። ስለ እኔ ስም አንድ ቃል መናገር አቅቷቸው ነው። ግን ውኃ አሙቄ ጨው ጨምሬ፣ ሰፊ ገበታ ላይ ያስቀመጥኳቸው በዚያው ቀን ነው። ሲነካቸው ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ይጣሉታል?

ኮሶ ጠጡ፤ አንጀታቸው ተገለበጠ እንጂ አልረዳቸውም። ሁለት ሱባዔ ጸበል ተጠመቁ። እብጠቱ አደገ፤ ሰኔ ሲገባ የእንቁላል ግማሽ ሆነ፣ ሽታውም ተለወጠ። በመጨረሻ ወንድማቸው ነገሩን ተነግሮት፣ እሱም ምሎ፣ ከአሊዩ አምባ አንድ እስላም ወጌሻ ይዞ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ እጆቹ ትንንሽና ንጹሕ። ቄሱ መስቀላቸውን ከራስጌ ሰቅለው በደረታቸው ተኙለት።

ወጌሻው ብዙ አልቆየም። በጣቱ ተጭኖ አየና እጁን ታጠበ። «ይህ ኪንታሮት አይደለም» አለ። «ኪንታሮት ሲጫኑት ይሸሻል፤ ይህ አይሸሽም። ነቀርሳ ነው። ሥር አለው።»

«ይድናሉ?» አልኩት።

«አላህ ያውቃል። ቆርጬ እተኩሰዋለሁ። ሥሩን ሁሉ አገኘዋለሁ ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

ነቀርሳን አውቀዋለሁ። የአክስቴን ጡት የበላው እሱ ነው፤ ከታመመች በኋላ አንድ ክረምት ብቻ ነው የቆየችው። ቄሱ ግን ፊታቸውን ከመደቡ ሳያነሡ «ቁረጠው» አሉ። ቀጥለውም «ከተቆረጠ በኋላ ደሙ ይደርቃል?» ብለው ጠየቁ። ልሙት ልዳን አላሉም። የጠየቁት ስለ ደሙ ብቻ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተቆረጠ። ወንድማቸው እግራቸውን ያዘ፣ እኔ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩ። ጠፍር ነክሰዋል። ቢላው ቶሎ አለፈ፤ ብረቱ ነው ያላለፈው። ከፍም አውጥቶ ሦስት ጊዜ አገባው። የሥጋቸው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ለብዙ ወር ሥጋ መጥበስ አልቻልኩም። በሦስተኛው ላይ ጠፍሩ ከአፋቸው ወደቀና ጮኹ። የጮኹት የእኔን ስም ነው። ጎረቤት ሰምቶ ኖሯል፤ ቄሱ ሚስታቸውን ሊገድሏት ነበር ተባለ።

ክረምቱን በሙሉ በደረታቸው ተኝተው አሳለፉ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ወገባቸውን ነው እላለሁ። ማርና ለጋ ቅቤ እየቀባሁ፣ በቀን ሦስት ጊዜ በጨው ውኃ እያጠብኩ። ጓሮ መውጣት ሲመጣ ያለቅሱ ነበር፤ እኔም ደጅ ቆሜ አለቅሳለሁ። ከዳኑ በኋላም ያ ቦታ እንደ ድሮው አልገጠመም፤ ፈሳሽ ያመልጣቸዋል። ጨርቁ አልቀረም፤ ደሙ ግን በመስከረም ቀነሰ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ቀጥ አለ። የነፍስ አባታቸው፣ ሩቅ ገዳም ያሉ መነኩሴ፣ ሁሉን በንስሐ ሰምተው ቀኖና ሰጥተዋቸው ነበር። «አርባ ቀን ደም ካላየህ ግባ» ብለዋቸዋል። ቀኑን እየቆጠሩ፣ ቅዳሴውን በለሆሳስ እያዜሙ ጓሮ ለጓሮ ይመላለሱ ነበር። በኅዳር ጽዮን ሊቀድሱ ለአለቃው ላኩባቸው፤ አለቃውም እሺ አሉ። እንደዚያን ሰሞን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ከኅዳር ጽዮን በፊት ባለው እሑድ ሰንበቴ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ደጀ ሰላም ተቀምጦ ይበላል፤ እኔም ድርሻዬን ዳቦና ጠላ ይዤ ሄድኩ። የገበዙ ሚስት ዋንጫ ስታዞር እኔ ዘንድ ደርሳ አለፈችኝ። የረሳችኝ መስሎኝ «እቴ፣ እኔን አላየሽኝም?» አልኳት።

«አይቼሻለሁ» አለች። «ቄሱ ሊገቡ ነው አሉ። አንቺን ሳይፈቱ እንዴት ነው የሚገቡት? ወይስ ምንጩ አጥቦሻል?»

ሴቶቹ አቀርቅረው ሳቁ። አለቃውም ሰምተው ዞር አሉ። ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። መሐላዬን ረሳሁ፣ መስቀሉን ረሳሁ። ተነሥቼ ወደ አለቃው ሄድኩ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።

«አባቴ፣ ከምንጩ ዘንድ የማገኘው የባሌን ደም ነው» አልኩ። «መቀመጫቸው ታሞ፣ ነቀርሳ ሆኖ፣ ተቆርጦ፣ ተተኩሶ። እኔ ነኝ የማጥበው። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይምሰልዎት፤ ካምናው ኅዳር ጀምሮ፣ በጥምቀት፣ በጾም፣ በፋሲካ፣ አንድ ቀን ሳላርፍ ያንን ደም ሳጥብ የኖርኩ እኔ ነኝ። ይህች ናት የምታማኝ!»

ልቤ ቀለለኝ። የገበዙ ሚስት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ዙሪያዬን አየሁ፤ የሚስቅ የለም። ረታሁ ብዬ ነበር።

አለቃው ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቀስ ብለው «ልጄ» አሉ፣ «ቄሱ መግባት የተዉት በሚያዝያ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። በጥምቀት ታቦት ያወጡት ባሌ ናቸው። በፋሲካ ከአለቃው ጎን ቆመው የቀደሱ ባሌ ናቸው። ደሙ ደግሞ ከኅዳር ነው፤ ራሴ ቆጥሬ፣ በዓላቱን በስም ጠርቼ፣ በሕዝብ ፊት ነግሬያለሁ። ለነፍስ አባት የተነገረ ንስሐ ነው፤ ሰንበቴ ላይ የተነገረ ግን ለአለቃው መንገድ አይተውም። «ከእንግዲህ ልቀበላቸው አልችልም፤ ሕዝቡ ሰምቷል» አሉ።

ቤት ስደርስ ቄሱ ፀሐይ ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ በሁለቱም ጎናቸው ተደላድለው ተቀምጠው ነበር። እንደዚያ ሲቀመጡ ካየሁ ዓመት አልፎኛል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ከመቼ ጀምሮ አልሽ?» አሉኝ።

«ከኅዳር።»

እንዲመቱኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ወደ ደብሯ አቅጣጫ አዩ። «ከሚያዝያ ብትይ ውሸት ይሆን ነበር» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ፣ «ግን እቀድስ ነበር።»

ጥምጣማቸውን ከራሳቸው ፈትተው በጉልበታቸው ላይ አጣጠፉትና ሰጡኝ። «ጨርቅ አልቆብሻል። ይህ ለስላሳ ነው» አሉ። አልቀድም ብዬ ከራስጌ ሰቀልኩት።

ስሜ ንጹሕ ሆነ። የገበዙ ሚስት እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሰንበቴ ላይ ዋንጫ የሚቀርበው መጀመሪያ ለእኔ ነው። ቄሱ ከግንቡ ሥር እየቆሙ ሁለት ዓመት አስቀደሱ፤ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። እኔም በፊታቸው ብዙ አልናገርም ነበር። በሁለተኛው ዓመት እብጠቱ ተመለሰ። ወጌሻው ደግሞ መጥቶ ነካካና ቢላውን ሳያወጣ እጁን ታጠበ። ከዚያ በኋላ ደሙ አላቆመም፤ ኩታው አለቀ፣ የእኔ ነጠላ አለቀ። ጥምጣሙን ያን ጊዜ ቀደድኩት። ሲቀደድ እንዳይሰሙ ደጅ ወጥቼ ነው የቀደድኩት።