ሁለት ጊዜ የተነበበው ሬጅስተር

አለቃዬን እጠላው ነበር። አሁንም እጠላዋለሁ። የጸሎት ቡድናችን እህቶች ይቅር በይው እያሉ ቢለፉብኝም፣ እዚህ ላይ መደበቁ ምንም አይጠቅመኝም።

ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለች ጠባብ ወርክሾፕ ለጫኖ የሙዝ ማሳዎች የአፈር እርጥበት የሚመዘግብ መሣሪያ እንሠራ ነበር። ገበሬው መረጃውን በፍላሽ ገልብጦ እንዲወስድ ነበር የታሰበው። መሣሪያው ግን የሰኩበትን ፍላሽ አንዴ ቢያየው አሥሬ አያየውም። መሣሪያው ፍላሹን እንዲያውቅ የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ የዩኤስቢውን ድራይቨር፣ የጻፈው ከጎኔ የሚቀመጠው፣ ከካምባ የመጣ ባልደረባዬ ስለነበር ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ። አለቃችን በሰው ፊት አነጋገሩን እያስመሰለ ይስቅበታል። ሰኞ ዕለት፣ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ እንደሚያባርረው ነገረው። ባልደረባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አብሮን አልወጣም።

ሐሙስ ጠዋት ኮዱን መስመር በመስመር አነበብኩት። ቺፑ ውስጥ ሬጅስተር የሚባሉ ትንንሽ የመረጃ ቦታዎች አሉ። አንደኛው «ፍላሽ ተሰክቷል» የሚለውን ምልክት ይይዛል፤ አንዴ ከተነበበ ግን ምልክቱን ያጠፋዋል። ሁለተኛ ለሚጠይቀው መልሱ ምንም የለም ነው። ድራይቨሩ ሊያነበው ከመድረሱ በፊት ደግሞ ሌላ ሰው ያስገባት አንዲት መስመር ሬጅስተሩን አንብባ ስክሪን ላይ ታወጣለች። ድራይቨሩ ምልክቱን የሚያገኘው አልፎ አልፎ፣ ፍላሹ በሁለቱ ንባቦች መሃል ሲሰካ ብቻ ነበር።

መስመሯን ማን እንዳስገባት ከለውጥ መዝገቡ ፈለግኩ። አለቃችን ነበር። ማንንም ስለማያምን የሠራነውን ሁሉ እንዲህ እየገባ ይሰልላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ!

መስመሯን አጥፍቼ ፍላሹን ሃያ ጊዜ እየነቀልኩ ሰካሁት። ሃያውንም ጊዜ አየው። ደስታዬ ክፉ ደስታ ነበር፤ ላፕቶፑን ታቅፌ ቢሮው ገባሁ።

ስክሪኑን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«የእሱ የስንብት ደብዳቤ ተፈርሟል» አለኝ። «ያንቺም የሙከራ ጊዜ ገና አላለቀም አይደል? መስመሯን አጥፊያት፤ የለውጥ መዝገቡ ማስታወሻ ላይ ‹አነስተኛ ማስተካከያ› ብለሽ ጻፊ።»

አፌ ላይ የመጣው ስድብ ብዙ ነበር። «እሺ» አልኩት። ሄጄም እንዳለኝ ጻፍኩ። ከወንበሬ ስነሳ እሱን የጠላሁትን ያህል ራሴን ጠላሁት።

ዓርብ ዕለት ባልደረባዬ ደብዳቤውን ተቀብሎ ዕቃውን ከሰበሰበ በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«ያስተካከልሽው አንቺ ነሽ አሉ። ጌታ ይባርክሽ፤ ገበሬዎቹን አሳፍሬያቸው ነበር» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «እባክሽ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ሌላ ቦታ እንዳልደግመው» አለ።

«ትንሽ ነገር ናት» አልኩት።

ደብተሩን ከፍቶ፣ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።