በሕይወት ሳለች የተለቀሰላት እኅቴ

አባባ የእኅቴን ነጭ ቀሚስ ከሣጥን አወጣው!

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ደጃፉ ላይ የእርጥብ ጥጥና የከሰል ካውያ ሽታ ተቀበለኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ሽታው ለቤታችን አዲስ አይደለም፤ ካውያው ሥር ተዘርግቶ ያየሁት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳይነካው የተባለው የአስካለ ቀሚስ ነበር። አባባ አቀርቅሮ የእጅጌውን ዳንቴል በምላጭ እየተረተረ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ «እጅጌው ይረዝማል፤ መነኩሲት ክንዷን አታሳይም» አለኝ። ደብተሬን ጥዬ እልል አልኩ። እልልታዬ ሲያበቃ ሽታው ብቻ ቀረና ወደ አሥር ዓመቴ ይዞኝ ሄደ።

ድርቁ የጠናበት ዓመት ነበር። አስካለ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ በእብናት በኩል በተተከለው መጠለያ ስትረዳ ከርማ፣ ክረምቱ ሲገባ ከስታና ጠቁራ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰች። ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በዚያ ክረምት፣ ሁለታችን በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን የአባባን የተቆራረጠ ጨርቅ እየለየን፣ መጠለያው ውስጥ ስላገኘቻቸው የካቶሊክ መነኮሳት ታወራልኝ ነበር። «አንዷ እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አቅፋ አየኋትና የማን ልጅ ነው ብላት፣ ዛሬ የእኔ ነው አለችኝ። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ታቅፋለች» አለችኝ አንድ ቀን፣ እጇ ላይ የያዘችውን ብጣሽ ረስታው።

ኅዳር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ከይፋግ መጥተው ለአንድ ነጋዴ ልጅ ጠየቋት። አባባ እንደ አገሩ ልማድ ልጅቱን ሳይጠይቅ እሺ አለ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ የሚሰፋው የሰው ልብስ ሁሉ ወደ ጎን ተብሎ፣ አባባ እያፏጨ ያንን ቀሚስ ይሰፋ ነበር። እኔም ሚዜ እሆናለሁ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። አስካለን ግን ዝምታዋ ስላስፈራኝ «ወንድ ጠልተሽ ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ኧረ! ልጁ እኮ ደግ ነው አሉ። ግን አንድ ቤት ከገባሁ የዚያ ቤት ብቻ እሆናለሁ፣ አየሽ።»

ታኅሣሥ ላይ ቀሚሱ አለቀ። አስካለ በርጩማ ላይ ቆማ ለካችው። አባባ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ጫፉን ሲያስተካክል፣ እላዩ ላይ ጎንበስ ብላ በቀስታ፣ «አባባ፣ ቀሚሱ በጣም ያምራል። ግን አላገባም። ከካቶሊኮቹ ጋር ልመነኩስ ነው» አለችው። ስፒሎቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ተንጠባጠቡ። እኛ የምናውቀው መነኩሲት ወልዳ ከብዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ በስተርጅና ቆብ የምትደፋ ናት። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ያውም በሌላ ሃይማኖት! እማዬ ወደ ግቢው ሮጣ «ልጄን! ልጄን አጣኋት!» ብላ ጮኸች።

እንግዲህ ይህን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ምን ያድርግ? ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ንፍሮ ይዞ፣ እየጮኸ ገባ። እድሩም ድንኳን አሸክሞ መጣ። ግቢው በለቅሶ ሲናወጥ አስካለ የእጅ ውሃ ይዛ ከጓዳ ብቅ ብትል፣ ደረታቸውን እየመቱ የነበሩት ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ክው ብለው ቀሩ።

«አንቺ! አልሞትሽም እንዴ?»

«ደህና ነኝ እማማ፤ አንቱስ እንዴት ሰነበቱ?»

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«እኔ ነኝ አሉ።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ድንኳን የተሸከሙት ሰዎች ይትከሉት ይመልሱት ጨነቃቸው። የንስሐ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በእኛም ቢሆን ለሚመነኩስ ሰው ፍትሐት ይደገምለታል፤ ለዓለም ሞቷልና። ለቅሶው ከሥርዓት አልወጣም» አሉ። ይኼኔ እማማ ጥሩ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ንፍሮ ያስቀቀላችሁኝ?» ሲሉ፣ አስካለ ከመሶባቸው አንድ እፍኝ ዘግና «ለእኔ የመጣ ከሆነማ እኔም ልቅመሰው» አለች። ሴቶቹ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ፤ ከዚያ ደግሞ አለመውለዷ ትዝ አላቸውና እንደገና አለቀሱ።

አባባ ግን አልሳቀም። ጋቢውን አዘቅዝቆ ከወንዶቹ መሃል ተቀምጦ፣ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ላለው ሁሉ «አሜን» ይል ነበር። ልጁ ውሃ ስታስታጥበው እጁን ዘረጋላት፣ ፊቷን ግን አላየም። እንግዶቹ ሲሄዱ ቀሚሱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈና «ከእንግዲህ ስሟን በዚህ ቤት እንዳልሰማ» አለ።

ሠርጓ ሊሆን በነበረበት በጥር አስካለ የይለፍ ወረቀት ልታወጣ ቀበሌ ስትሄድ ተከተልኳት። ሊቀ መንበሩ ብዕሩን እንደያዘ «መነኩሲት ለአብዮቱ ምን ታመርታለች?» ብሎ ቢያፌዝባት፣ «ቁስል አጥባለሁ ጓድ» አለችው፤ ፈረመላት። መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። እማዬ ማንበብ ስለማትችል የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ ሆን ብዬ ጓዳው በር ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ማንበብ ስጀምር ወዲያ ማዶ ሲንደቀደቅ የነበረው የስፌት መኪና ጸጥ ይላል፤ ስጨርስ እንደገና ይነሣል። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ባለፈው ሳምንት የመጣው ደብዳቤ ግን፣ «የድንግልና፣ የድህነትና የመታዘዝ መሐላዬን ለዘለዓለም የምፈጽምበት ቀን ደረሰ። የአባባ እጅ የሰፋው ነጭ ቀሚስ ባገኝ ሌላ ምንም አልፈልግም» ይል ነበር። ያን ቀን ካበቃሁም በኋላ መኪናው አልተነሣም።

ትናንት አባባ ዳንቴሉን ጠቅልሎ ለእኔ ከሰጠኝ በኋላ መለኪያውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ከስታ ይሆናል፤ ለዳግም ትንሣኤ መጥታ ትለካው» አለ። ቀጥሎም ስሟን ጠራ። «አስካለ ከመጣች ጎረቤቱ ይጠራ። ለቅሶ የደረሰን ሰው ሳይቀር ጥሪ ጻፊ።»

ያን ጊዜ አስካለ ፊታችን ቆማ ሳለ አለቀስንላት፤ አሁን ሩቅ ሳለች ቤቱ ሁሉ የእሷ ድምፅ አለበት። መነኩሲት መሆኗ አልተለወጠም፣ ባል የላትም፣ አትወልድም፤ አባባም አሁንም ሃይማኖቷን አልወደደውም። ልጁ ግን በሕይወት አለች።

እንግዲህ ለዳግም ትንሣኤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራችን ክፍት ነው። ያን ቀን የመጣችሁ ሁሉ፣ የማታውቁን አንባቢዎችም ብትሆኑ፣ ኑልን። ንፍሮ ይዛችሁ ብትመጡ አንቀየምም፤ እሷ ትበላዋለች። ነጠላችሁን ብቻ ቀና አድርጋችሁ ልበሱ።