እህቴ አማቷን ያስታመመችበት ዘመን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቡሬ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተመልሰው መጡና ልጠይቃቸው ገባሁ። ካንሰር ነው ተብለዋል፤ እኛ ድሮ ነቀርሳ የምንለው። ቤቱን የሞላው ጠያቂ ሁሉ ስለ እሳቸው ይጠይቃል፤ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ምግባቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው። የምታስታምማቸው ልጃቸው ግን በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗ እንደተከፈተ፣ ቆማ ተኝታ ነበር። ያን ዓይነት እንቅልፍ አውቀዋለሁ። በጣሊያን ጊዜ በታላቅ እህቴ በአንጓች ላይ አይቼዋለሁ።

ያኔ እኔ ገና ያልተዳርኩ ኮረዳ ነበርኩ። አንጓች የተዳረችው ከቡሬ ወደ ወጀት በሚወስደው መንገድ አጠገብ ካለ መንደር ነው፤ ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ናት። ጣሊያን ቡሬ ሲገባ ባሏ ቢሻው ጠመንጃውን ይዞ ዱር ቤቴ አለ። ሲሄድ "አባቴን አደራ" ነው ያላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። አባቱ አያ መንገሻ በአንገታቸው ጎን የወጣባቸው እብጠት ፈንድቶ ቆስሎ ነበር። መድኃኒት ያውቃሉ የተባሉት ሁሉ እያዩ፣ ነቀርሳ ነው እያሉ፣ እጃቸውን ሰብስበው ሄደዋል።

እናታችን ሂጂና እህትሽን እርጃት ብላ ስትልከኝ መስከረም እያለቀ ነበር። ኑጉ ቢጫ አበባውን አውጥቷል፣ በቆሎው ለእሸት ደርሷል፤ አገሩ ሁሉ ጥጋብ ይመስላል። አንጓችን ሳያት ግን ክው አልኩ። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ቀሚሷ ተንጠልጥሎባታል። ቁስሉን በሞቀ ውሃ ታጥባለች፣ ጨርቁን ትቀቅላለች፣ የተልባ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ታጠጣቸዋለች። እኔ ልጠብ ስላት ሽታውን አትችይውም ብላ ትመልሰኛለች። ጎረቤቱም ከሽታው የተነሳ እግሩን አሳጥሯል። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ ስለ ባሏ፣ ስለ አማቷ ይጠይቃታል። አንቺስ ያላት ሰው አላየሁም።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ አለመብላቷ ነበር። እሸት ጠብሼ ባቀርብላት ወደ አማቷ መደብ እያየች በሹክሹክታ፣ "እሳቸው ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው እያዩኝ፣ እኔ ላላምጥ?" አለችኝ። ጓዳ ገብተሽ ብዪ ብላትም እምቢ አለች። ተደብቆ መብላት ይብስ ያሳፍራታል።

አንድ ጠዋት ከቡሬ የመጣ ሰው፣ ጣሊያን የዱር ሰዎችን ቤት ሊያቃጥል ወታደር እያሰለፈ ነው ብሎ ነገረን። መንደሩ ከብቱን እየነዳ ከመኪናው መንገድ ማዶ ወዳለው ሸለቆ ይወርድ ጀመር። አያ መንገሻ ተዉኝና ሂዱ አሉ። አንጓች ግን ሁለት አጣና በጠፍር አያይዛ ቃሬዛ ሠራች። ተሸካሚ የሚሆን ወንድ አልነበረም። ጎረቤታችን እትዬ ስንዱና ልጇ ብርቄ ደረሱልን፤ አራት ሴቶች ሆነን አነሳናቸው።

እስከ መንገዱ ድረስ ኑጉ ሸሸገን። ከዚያ በኋላ ግን መሸሸጊያ የለም። ግራ ቀኝ አይተን ገባን። መሐል መንገድ ላይ ስንደርስ ቃሬዛው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። አንጓች ጉልበቷ ታጥፎ አፈሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወዲያው ከኩርባው ወዲያ የካሚዮን ጉርምርምታ ተሰማ። እትዬ ስንዱ ተነሽ እያለች ብትጎትታት አልሰማችም። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እሷ ግን የለችም።

አያ መንገሻ ከቃሬዛው ቀና አሉ።

"እኔን አውርዱኝ፤ ልጄን ተሸከሙ።"

እኛ ስናመነታ እሳቸው እግራቸውን መሬት አሳርፈው ነበር። ስንዱና ብርቄ አንጓችን በቃሬዛው አነሷት። እኔ ሽማግሌውን ደገፍኩ። ከዚያ በፊት ቆመው አላየኋቸውምና ያን ያህል ረጅም ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ቁስላቸው ጉንጬን እየነካ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ እያቃሰቱ ተሻገርንና ማዶ ካለው ኑግ ውስጥ ተደፋን።

ካሚዮኖቹ አቧራውን እያቦነኑ ማለፍ ጀመሩ። የመጨረሻው ቆመ። የተልባ ውሃ የያዝንበት ቅል መንገዱ ላይ ወድቆብን ኖሯል፤ አንድ ወታደር ወርዶ አነሳው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ወደ እኛ በኩል አየ። አያ መንገሻን ሳል ተናነቃቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ፊታቸው እስኪጠቁር ታገሉት። ወታደሩ ቅሉን ወርውሮ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ሸለቆው ውስጥ ሆነን የመንደሩን ጭስ አየን። አንጓች የነቃችው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። መጀመሪያ የተናገረችው "አባቴስ?" የሚል ነበር።

"እዚህ ነኝ" አሏት። ከዚያ እሸት አስመጥተው በገዛ እጃቸው ሰጧት። "እኔ ፊት ብዪ። ሰው ሲበላ ማየት ናፍቆኛል።"

እያለቀሰች በላች። እሳቸው ከአፏ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩዋት ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። የመንደሩን ሴቶች ጠርተውም ከዛሬ ጀምሮ በየተራ አስታምሙኝ፣ አንዲትን ልጅ ብቻዋን አድክሜ አልጨርሳት አሏቸው። እምቢ ያለ አልነበረም። ቁስል ማጠብ የተማርኩት እዚያ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ሽታውም ይለመዳል።

አያ መንገሻ መኸሩ ሳይሰበሰብ አረፉ። አንጓች በወጉ የምታለቅስበት ጉልበት አግኝታ ነበር። ነፃነት ሲመጣ ቢሻው ከዱር ተመለሰ። ስለ አባቱ ሲጠይቃት አደራውን እኔ ብቻ አልጠበቅሁትም ብላ፣ የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ጠራችለት።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ሽማግሌው ቤት ይህን ሁሉ አላወራሁም። ልጅቷን እጇን ይዤ ወደ ቤቴ ወሰድኳት፣ አልጋዬ ላይ አስተኛኋትና ተመልሼ በእሷ ፈንታ አባቷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ነቅታ እየሮጠች መጣች። ለምን አልቀሰቀሱኝም ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋን ደስ ብሎኝ ሰማሁት። ጠዋት ያን ያህል እንኳ ጉልበት አልነበራትም።