የቆሰበር የሲሚንቶ ፈረስ

ፈረሱ ላይ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። የቀበሌው ንባብ ቤት መስኮት የሚያየው አደባባዩን ነው፤ አደባባይ ስል የዳንግላው መንገድ መጥቶ ወደ ጫግኒ የሚሄደው ከሚገነጠልበት ላይ ያለችውን ጭቃማ ሜዳ ማለቴ ነው። ንባብ ቤቱ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚና አሥር ቀን የዘገየ ጋዜጣ ነበረው። እኔ ደግሞ ጠባቂው ነበርኩ። አንባቢ ብዙ አልነበረም። ከጠዋት እስከ ማታ ከአፌ የሚወጣው ቃል «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ነው» ብቻ የሚሆንበት ቀን ነበር።

ወደ ቆሰበር የመጣሁት ከዳንግላ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስወድቅ አባቴ አልተቆጣኝም፤ ምሳ ሲቀርብ ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ መብላት ጀመረ እንጂ። እናቴ ቀደም ብላ ሞታ ስለነበር በመካከላችን ገብቶ የሚያስታርቅ ሰው አልነበረም። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። አንድ ጠዋት ሁለት ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።

ደብተሮቹ ግጥም ነበሩ። ያስተማረኝ የለም። ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ስንኙን በጣቴ እየቆጠርኩ የለመድኩት ነው። በላብ አደሮች ቀን አንዱን ወጥቼ አነበብኩና የቀበሌው ሊቀመንበር ወደደው፤ የንባብ ቤቱን ቁልፍ ሰጠኝ። ከቁልፉ ጋር ሁለታችንም በአፋችን ያላነሳነው ሌላ ነገር አብሮ መጣ፤ የንባብ ቤቱ ጠባቂ ስም ከብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ውስጥ አይገባም ነበር።

ለአብዮት በዓል ከተማው ሐውልት ያቁም የሚል መመሪያ ሲመጣ ሥዕሉም አብሮ መጣ። ጠመንጃውን ወደ ሰማይ የዘረጋ ገበሬ፣ በሚጋልብ ፈረስ ላይ። ሥራው ለአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተሰጠ። የውኃ ገንዳና የመቃብር ሐውልት ሲገነቡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ሐውልት ሲሉኝ መቃብር መስሎኝ እሺ አልኩ» አሉኝ፣ ሥዕሉን ወደላይም ወደታችም እያዞሩ። «ይኸ ሰውዬ ደግሞ ገና አልሞተም።»

ለእኔ የተሰጠኝ አራት መስመር ግጥም መጻፍ ነበር። ከፈረሱ እግር በታች፣ በድንጋይ መቆሚያው ፊት፣ ግንበኛው የመስኮት ያህል ቦታ ለስልሶ እንዲቀር አደረጉ። ግጥሜ እዚያ ላይ በመሮ ይቀረጻል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደብተር ይጠፋል፣ ወረቀት ስኳር ይጠቀለልበታል፤ ድንጋይ ላይ የተጻፈ ግን መንገደኛው ሁሉ፣ አንድ ቀን በአውቶብስ የሚያልፈው አባቴም ቢሆን፣ ያየዋል። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

ገስግስ አንተ ገበሬ ጠመንጃህን አንግተህ፣
ፈረስህ ክንፍ አውጥቶ ጠላትህን ደምስሰህ።

ቤት ይመታል፤ ሰው ግን አይኖርበትም። ያኔ አልታየኝም።

ብረት ስላነሰ ግንበኛው የፈረሱን ሆድ እንደ አጥር በቀርከሃ ሠሩት። ቀርከሃው እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸከም ተለጠጠና ሆዱ ወደ ጎን አበጠ። ዓይኖቹ የጠርሙስ ቂጥ ናቸው፣ አረንጓዴ። ጥርሶቹን ከነጭ ሳህን ስባሪ ስለሰኩለት ከንፈሩ መግጠም አቃተው። አንገቱ ረዥም፣ እግሮቹ አጫጭር። ከመስኮቴ ሆኜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ባለ ጋሪዎቹም ተሰብስበው ነበር።

«አያ፣ ይች ባዝራ መች ነው የምትወልድ?» አለ አንዱ።

«አባትየው አንተ ነህ አሉ፤ ስትወልድ ትጠራለህ!» አሉት ግንበኛው፣ ከመሰላሉ ሳይዞሩ።

ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። «አብዮታዊ ፈረስ እርጉዝ አይሆንም፤ ይስተካከል» ብሎ ሄደ። አልተስተካከለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ማንም አልቀለደም። ግንበኛው ፈረስ በሚያርስበት አገር፣ በፈረስ ጀርባ ያደጉ ሰው ናቸው። ልጓሙን፣ ግላሱን፣ እርካቡን፣ ኮርቻውን ሲሠሩ እጃቸው አልተሳሳተም። ፈረሱ እንደ ፈረስ ባይሆንም ጭነቱ የእውነት ነበር። ኮርቻው እንዳለቀ ሲሚንቶውም አለቀ። ሊቀመንበሩ ጫግኒ ድረስ ሰው ላከ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። በዓሉ ደግሞ አንድ ወር ብቻ ቀረው።

«ፈረሱ ለጊዜው ይመረቅ» አለ በመጨረሻ። «ሰውዬው በሚመጣው ዓመት ይወጣበታል።» ለሰውዬው መያዣ ተብለው ከኮርቻው ብቅ ያሉትን ብረቶች አስቆረጠ። ወደ እኔም ዞሮ፣ «ግጥሙን ከፈረሱ ጋር አስማማው» አለኝ።

እስከ ቀጣዩ የገበያ ቀን ድረስ ፈረሱ የከተማው መሳቂያ ነበር። በገበያው ቀን ከዘንገና በኩል የሚመጡት ገበሬዎች ድንችና ገብሳቸውን ጭነው አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ግን ሳቅ አልሰማሁም። አንድ ሰውዬ የሚስበውን ፈረስ አቆመና ቆቡን አወለቀ። ከኋላው ያሉት እርስ በርስ በአውንጊ ተነጋገሩ። ቀስ ብለው ፈረሱን ዞሩት።

ምን እንዳዩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የከተማ ልጅ ነኝ። በዚያ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ሙሉ ጌጡን ይጫናል። ሰው ሳይቀመጥበት፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ተስቦ በለቅሶተኛው መካከል ያልፋል። ያን ጊዜ ያላለቀሰም ያለቅሳል። ቀበሌው ግማሽ የቀረ ሐውልት አቆምኩ ሲል ገበሬዎቹ ያዩት ለለቅሶ የተጫነ ፈረስ ነው። የማን እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም። ከየቤቱ ደግሞ ወደ ሰሜን የሄደና ወሬው የጠፋ ልጅ ነበር። መርዶ ሳይመጣ አይለቀስም፤ መርዶ የሚባል ነገር ደግሞ አይመጣም ነበር። ስለዚህ ዝም ብለው ዞሩት፣ ከእግሩ ሥር ትንሽ ሣር ጣል አደረጉለት፣ ወደ ገበያቸው ሄዱ።

አንዲት ሴት ቀረች። ንባብ ቤቱ ደጃፍ ድረስ መጣች፤ ነጠላዋ የተጣፈ፣ በእጇ ባዶ የእንቁላል ቅርጫት።

«አንተ ልጅ፣ ፊደል ትለያለህ?»

«እለያለሁ እማማ።»

«እንግዲያ ና እይልኝ። የልጄ ስም አለበት?»

የምታሳየኝ ለግጥሜ የለሰለሰውን ቦታ ነው። የማለስለሻው ጭረት እዚህም እዚያም ቀርቶበት ነበር፤ ፊደል ለማያውቅ ዓይን ጽሕፈት ይመስላል። የልጇን ስም ከነአባቱ ነገረችኝ። አጎንብሼ ተመለከትኩ። በሕይወቴ አንድን ገጽ እንደዚያ ተጠንቅቄ ያነበብኩበት ቀን የለም።

«ምንም አልተጻፈም እማማ።»

«ደህና አርገህ እየው። ከታችም?»

«ከታችም የለም።»

«ተመስገን!» አለች፣ ትንፋሿን ለቅቃ። «ካልተጻፈማ አለ።»

እንዲህ አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ምኑ ነው እንዲህ ያልሆነው? ምን አውቅ ነበር? ወደ ንባብ ቤቴ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች። ከዚያ አምስት ሆኑ። አንድ በአንድ ስም ይነግሩኛል፣ አጎነብሳለሁ፣ አነባለሁ፣ «የለም» እላለሁ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው ይሄዳሉ። ዕድሜዬን ሙሉ የምመኘው አድማጭ ተሰልፎ ደጃፌ መጣ፤ ከእኔ የሚፈልገው ግን ያልተጻፈውን ነበር። እነሱ ሲሄዱ ንባብ ቤቱ ከቀድሞው የበለጠ ጭር ይልብኝ ጀመር።

ግጥሙን አዲስ አድርጌ ጻፍኩ። ይኸኛው ስለ ፈረሱ ብቻ ነው፣ ካለፈው እጅግ የተሻለ፤ ዛሬም ጥሩ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግንበኛው ማንበብ ስለማይችሉ በትልልቁ ገልብጬ ሰጠኋቸው፤ ፊደሉን እንደ ሥዕል አይተው ነው የሚቀርጹት። የተቀጣጠርነው በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ነው። ቀኑ ገበያ መሆኑን አላሰብኩም።

መሮውን ድንጋዩ ላይ እንዳሳረፉ ያቺ ሴት ከሕዝቡ መካከል ወጣች። ቅርጫቷን ጥላዋለች።

«ምን ሊጽፉ ነው? የማንን?»

«ግጥም ነው እማማ» አልኳት።

«ግጥም? በማን ላይ ነው የሚገጠመው?»

ለእሷ ግጥም ማለት አልቃሽ ለሟች የምትገጥመው ነው፤ ሌላ ግጥም ሰምታ አታውቅም። ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። የእኔ አራት ስንኝ ምንም ይበል፣ እነሱ የሚያዩት ፊደል ነው። ፊደል ከወጣ አንድ ሰው ሞቷል።

ግንበኛው መሮውን አንስተው ጠበቁኝ። «እህስ ገጣሚው? ልምታ ወይስ ልተው?»

«ይተዉት» አልኩ።

ወረቀቱን መለሱልኝ። አራት ጊዜ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ቢሮ ቆምኩ።

«ግጥሙስ?»

«አልመጣልኝም ጓድ ሊቀመንበር።»

«ግጥም እንግዳ ነው እንዴ፣ መጣ ቀረ የሚባለው?»

ስለ ሴቶቹ ብነግረው ፈረሱን ሸራ ያለብሰው ነበር፣ እነሱንም ከአደባባዩ ያባርራቸው ነበር። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይቆረቁረኛል። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው እጄ ሁለት ጊዜ ሄደ።

«ያቺን ወንበር የሚፈልጋት ሌላ ሰው አለ» አለኝ፣ ወደ ወረቀቶቹ እየተመለሰ። ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በበዓሉ ቀን ፈረሱ የተሸፈነበት ቀይ ጨርቅ ሲገለጥ ከአውራጃ የመጡት እንግዳ የሳህኑን ጥርስ አይተው ንግግራቸውን ረሱ። «ይኸ ፈረስ ይስቃል እኮ!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እልል አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ «የሚስቀው ፈረስ» ሆነና የከተማው ልጅ ሆነ። ሾፌሮች «ፈረሱ ጋ ወራጅ!» ማለት ጀመሩ። ሙሽሮች ከፊቱ ፎቶ ተነሡ፣ የኳስ ቡድኑ ማሊያው ላይ ሣለው። ያ «መች ትወልዳለች» ያለው ባለ ጋሪ ከዳንግላ የመጣ ሰው ሲስቅበት ሊደባደብ እጅጌውን ሰበሰበ። የከተማው ሰው በአዘቦት ቀን ይስቅለታል፣ የገጠሩ በገበያው ቀን ዝም ብሎ ይዞረዋል፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሁለቱንም የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የማወራለት ሰው ግን አልነበረኝም። ስለ ባዶው ድንጋይ ደግሞ የጠየቀ የለም። እንዲያ የተሠራ መሰላቸው።

በጋው ተጋምሶ የሚቀጥለው ዙር ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜ ከመካከል ነበር። አላስደነገጠኝም። የንባብ ቤቱን ቁልፍ መለስኩ፤ ለአባቴ ደብዳቤ ጀምሬ ከሁለተኛው መስመር ማለፍ አቃተኝ።

የምንሄድበት መኪና አደባባዩ ላይ ቆመ። ገበያ ነበር። የሌሎቹ እናቶች ጎማውን ከበው ያለቅሳሉ፣ ዳቦና ቆሎ በጎን ያቀብላሉ። እኔ ከላይ፣ ከጠርዙ ተቀምጬ ደብተሮቼን በጉልበቴ ይዣለሁ። ያቺ ሴት እንደ ልማዷ ወደ ንባብ ቤቱ ሄደች፣ ሌላ ሰው አየች፣ ተመለሰች። ዓይኗ ሲፈልግ ቆይቶ ላይ አገኘኝ።

«አንተም?»

«እኔም እማማ።»

«እናት አለችህ?»

«የለችም።»

ድንጋዩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ስድስት ወር ሙሉ ስትመጣ ተጠራርተን አናውቅም።

«ስምህ ማን ነው?»

ነገርኳት።

«ከነአባትህ!»

ከነአባቴ ነገርኳት። የአባቴን ስም አዛባችው፤ አረምኳት፤ እንደገና አለችው፣ አሁን ልክ ነው። ከዚያ እንዳይጠፋት በአፏ እየደጋገመች፣ መጀመሪያ የልጇን፣ አስከትላ የእኔን፣ ፊደል የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ወደ ሕዝቡ ገባች።

«እናትህ ናቸው?» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው።

«አይደሉም።»

«ታዲያ ስምህን ምን ያስጠራቸዋል?»

መኪናው ተነሣ። አንድ ተማሪ ይዛ ወደ ድንጋዩ ስትጎትተው አየሁ። ልጁ አጎነበሰ። ቀና ብሎ ራሱን ወዘወዘ፤ የለም ማለቱ ነው። መኪናው ወደ ዳንግላ ታጠፈ።