ከወንዙ ማዶ የተሠራልን ትምህርት ቤት

የቦዩ ውሃ መልኩን ሲለውጥ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ሽንኩርት እያረምኩ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ሰማዩ ላይ ጥፍር የምታህል ደመና የለችም፣ ፀሐይዋ ጀርባ ትጠብሳለች። እግሬን ላቀዝቅዝ ብዬ ቦዩ ውስጥ ብነክረው ውሃው ቀልቷል። ቀልቶም ብቻ አይደለም፣ ገለባና የጥድ ቅጠል ይዞ መጥቷል። እኛ ጋ ጥድ አይበቅልም። ጥድ ያለው ደጋ ነው።

ቆላ የኖረ ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም። እላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፣ እኛ ፀሐይ እየመታን ውሃው ይመጣብናል። ደራሽ የምንለው እሱን ነው። ማንንም አይጠብቅም።

ቀና ብዬ ፀሐይዋን አየሁ። አናት ላይ ልትደርስ ነው፤ የጧት ተማሪዎች የሚለቀቁበት ሰዓት። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤቷም ከወንዙ ማዶ ነው። ይሄኔ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ወደ ወንዙ እየወረደች ነው ማለት ነው። ያ አላህ አልኩ።

«ምን አየሽ?» አለችኝ ጎረቤቴ። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን መደብ ነበር የምታርመው። ወደ ቦዩ ብጠቁማት መጥታ አየች። ቁጭ አለች። የሷን ልጅ ይሄው ወንዝ ከወሰደው ዓመት አልፎታል።

ወዲያው ከላይ ጥሪው መጣ። «ደራሽ! ደራሽ!»

ስለ ጥሪው መናገር አለብኝ፣ አለበለዚያ የቀረው ነገር አይገባም። ቦዩን ለየማሳው የሚያከፋፍል ሽማግሌ አለን፣ የውሃ አባት እንለዋለን። ወንዙ ሲገፋ እሱ ከላይ ሆኖ ይጣራል። የሰማ ተቀብሎ ለታችኛው ያቀብላል፣ እንዲህ እየተባለ እስከ መሻገሪያው ይደርሳል። አባቶቻችንም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ከእኛ ማሳ የተጣራውን ይቀበሉ የነበሩት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ እኛው ዘንድ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት ካልነው ነው እንጂ በማሽላ አገዳ የታጠረ ዳስ ነው፤ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። መምህሩ ጥሪውን ሲሰማ ትምህርቱን ያቆምና ሁሉንም አፋፉ ላይ አስወጥቶ ያስጮሃቸዋል። ልጅ ደግሞ ጩህ ከተባለ ማን ይችለዋል? እታች ከብት የሚያጠጣው ሰው ሁሉ ይሰማል።

ከዚያ ረጂዎቹ፣ የእርዳታ ድርጅት ሰዎች፣ መጡ። ከአስፋልቱ ድልድይ እኛ ጋ የሚያመጣ የመኪና መንገድ ስለሌለ መኪኖቻቸው ማዶ ቆሙ፤ እኛ ተሻግረን ሄድንላቸው፣ ማንጎ ጥላ ሥር ተሰበሰብን። አንዲት ነጭ ሴት ነበረች፤ ፊቷ በሙቀቱ ቲማቲም መስሏል፣ ታሳዝናለች። አንድ ወጣት ያስተረጉምላታል። ለልጆቻችሁ ትምህርት ምን ያስፈልጋል ተባልን። ወንዶቹ ቆርቆሮ አሉ፣ ወንበር አሉ። ሴቶቹ ይናገሩ ሲባል እኔ ተነሳሁ። እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም።

«ድልድይ» አልኩ።

ወጣቱ ፈገግ አለ። «እናት፣ እኛ የጠየቅነው የትምህርት ነገር ነው።»

«እኔም የነገርኩህ የትምህርት ነው።»

«ድልድይ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። እነሱ የትምህርት ናቸው።»

የውሃ አባት ከኋላ ሆኖ፣ «እንግዲያው ለልጆቹ ክንፍ ታወጡላቸዋላችሁ» አለ። ሰው ሳቀ። ወጣቱም ሳቀ። ከዚያ ለሴትየዋ ሁለት ቃል ያህል ነገራት፤ እኛ የተናገርነው ግን ከዚያ ይረዝም ነበር። እሷም አንገቷን ነቅንቃ ፈገግ አለችልን። ክፉ ሰው አልነበረችም። እስከ ዛሬም አልጠላኋትም።

ትምህርት ቤቱ ተሠራ። ማዶ፣ አስፋልቱ አጠገብ፣ መኪና ቆሞ በሚያየው ቦታ። ውሸት አልናገርም፣ ያምራል። ጣሪያው ሰማያዊ ነው፣ መስኮቱ መስታወት አለው፣ ለሴት ልጆች ለብቻቸው ሽንት ቤት ተሠርቶላቸዋል። ልጄ የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ፣ «እማ፣ ወንበሩ መደገፊያ አለው» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። አዲስ ቤት ስላለ ዳሱ ፈረሰ፣ መምህሩም ወደ ማዶ ተዛወረ።

ዳሱ ሲፈርስ ጥሪው እኛ ማሳ ላይ ደርሶ እንደሚቀር ማናችንም ልብ አላልንም። ልብ ያልነው የጎረቤቴን ልጅ ከቀበርን በኋላ ነው። ሁለተኛ ክፍል ነበር። ያን ሰሞን ተራ ገብተን አፋፉ ላይ ሰው አቆምን፤ ሽንኩርቱ ለገበያ ሲደርስ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ፣ ተራውም ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ረጂዎቹ ለተማሪዎቹ ቦርሳ አመጡ። ስሙ ከዝርዝሩ ስላልወጣ ለሟቹም ደረሰው። እናቱን ጠርተው ሲሰጧት እንቢ ማለት አልቻለችም፣ በሁለት እጇ ተቀብላ አመስግና መጣች። ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ የታሸገበት ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ወዴት ማየት እንዳለብኝ ይጠፋኛል። እርዳታውን አልረገምኩም። የሰጠ ሰው አይረገምም። ግን ሴትየዋ ስትሰጠን እኛ የተናገርነውን እስከ መጨረሻው ብትሰማ ምን ነበር እላለሁ። እነሱ ትምህርት ክፍሉ በር ላይ ይጀምራል ብለው ነው። ለእናት ግን ትምህርት ልጇ ከቤት እግሯን ካነሳችበት ይጀምራል።

እንግዲህ ያን ቀን፣ ሽንኩርቱ ውስጥ፣ ጎረቤቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ልጇን ካጣች ወዲህ ወደ ወንዙ አፋፍ ዝር ብላ አታውቅም፤ ውሃ እንኳ የሚቀዳላት ሌላ ሰው ነው።

«አንቺ ወደ ልጅሽ ሩጪ» አለችኝ። «ዳሱ የነበረበት ጋ እኔ እሄዳለሁ።»

«ትችያለሽ?»

«ሩጪ አልኩሽ እኮ!»

ሮጥኩ። አንዱ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ከኋላዬ ድምፅዋን ሰማሁ፣ «ደራሽ! ልጆች ደራሽ!» የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። በልጇ ቀን ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም፣ ለቅሶ ማብዛት ሐራም ነው ተብላ ዝም እንዳለች ነው የቀበረችው። ያ የታፈነው ሁሉ ያን ቀን የወጣ መሰለኝ።

መሻገሪያው ላይ ስደርስ ልጆቹ ወንዙ ውስጥ ናቸው። ወንዛችን ሰፊ ነው፣ አብዛኛው ጠጠርና አሸዋ፤ ውሃው በሁለት ሦስት ቀጭን መስመር ነው የሚሄደው። ጥልቁ መስመር ወደ እኛ በኩል ያለው ነው። ልጄ መሐል ደርሳለች፤ አንዲት ትንሽ ልጅ አዝላለች፣ ሌሎች ትንንሾች ከኋላዋ ይከተሏታል። እኔ እጄን እያወናጨፍኩ፣ «ነይ! ወደኔ ነይ!» እላለሁ። እናት ስትፈራ ሌላ ነገር አይታያትም፣ ልጇን ወደ ራሷ ነው የምትጠራው። በእኔና በሷ መካከል ጥልቁ ውሃ እንዳለ እያወቅሁ ጠራኋት።

ልጄ ቆመች። እኔን አየች። ከዚያ አንገቷን ወደ አፋፉ ቀና አደረገች፣ ድምፁ ወደሚመጣበት። ያን ጊዜ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ትንንሾቹን ወደ መጡበት እየገፋች፣ ያዘለቻትን እያስተካከለች ወደ ማዶ መሮጥ ጀመረች። ጠራኋት። ዞራ አላየችኝም።

ውሃው መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ። ከዚያ ግንድ ያዘለ ቀይ ግድግዳ ነው። ልጄ ቆማበት የነበረው ጠጠር ተሸፈነ። ከግንዱ ባሻገር ማየት አልቻልኩም። ግንዱ ሲያልፍ ማዶ ዳገቱ ላይ የተማሪ ልብስ አየሁ፤ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ነው የለበሱት። የትኛዋ የኔ እንደሆነች፣ ሁሉም መድረስ አለመድረሳቸውንም መለየት አልቻልኩም።

ማሳ ለማሳ እየሄድኩ፣ አስፋልቱ ወንዙን ተሻግሮ በእኛ በኩል ወደሚያልፍበት ወጣሁ። የመኪናው ድልድይ ሩቅ ነው፣ ግን ሌላ መንገድ የለም። ከሸዋ ሮቢት ባዶውን የሚመለስ ባጃጅ አገኘሁና ከፊቱ ቆምኩ።

ልጁ ሾፌር በመስታወቱ አየኝ። «እትዬ፣ አንዱ ጫማዎ የት ቀረ?»

«ሽንኩርት ውስጥ።»

«አይዞዎት፣ ይበቅላል።»

ሊያስቀኝ ብሎ ነው። ከዚያ ፊቴን በደንብ ሲያየው ሬዲዮኑን አጠፋ። «ልጅ ነው?» አለ። አዎ አልኩት። ድልድዩን ስናልፍ ወደ ታች አላየሁም። ለመኪና ድልድይ አለ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሚሄደው ሁሉ። እሱን ነው ያሰብኩት።

ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ልጆቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ልብሳቸው ደርቆ ጭቃው ነጭ ሆኗል። መምህሩ ስማቸውን እየጠራ ነው። ያቺ የታዘለችው ትንሽ ልጅ አሁንም ልጄን አልለቀቀቻትም፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥማለች። ልጄ ስታየኝ ለመነሳት ሞከረች፣ ከበዳት።

«እማ፣ ተቆጣሽ እንዴ?»

«በምን እቆጣለሁ?»

«ስትጠሪኝ ጥዬሽ ስለሄድኩ። አንቺ ነይ ትያለሽ፣ ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ደራሽ ትላለች። የቱን ልስማ?»

ራሷን ያዝኩት፣ ፀጉሯ አሸዋ አሸዋ ይላል። የሁሉም ስም ተጠርቶ አለቀ፤ ሁሉም አቤት አሉ።

በረንዳው ላይ ሲቆሙ ወንዙ ይታያል፣ ከወንዙ ማዶ ዳሱ የነበረበት አፋፍም ይታያል። አንዲት ሴት እዚያ ቆማለች። ደራሹ ካለፈ ቆይቷል፣ መሻገሪያው ላይ ማንም የለም። እሷ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ገና ትጣራለች። ድምፅዋ እኛ ጋ አይደርስም።

«እማ፣ ለምን አይበቃትም?» አለችኝ ልጄ።

ነጠላዬን አውልቄ አውለበለብኩላት። ደጋግሜ አውለበለብኩ። አይታኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ቆይታ እጇን አወረደችና እዚያው ተቀመጠች። ነገ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ቦርሳው በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር። የኔ ልጅ የዳነችው በሷ ድምፅ ነው።

እኔ ግን ደርሻለሁ። ልጄ ጎኔ ተቀምጣለች፣ እጇ እጄ ውስጥ ነው፣ ይሞቃል። አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነን።