ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ እዚሁ ወላይታ ሶዶ ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ካነበብኳቸው መጻሕፍት እንኳ ግማሹን ረስቻለሁ። ይህን ግን በጎረቤቴ አጥር በኩል ባለፍኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ትርፍ ጊዜዬን የማጠፋው ፈዝ ፔዳል በመሥራት ነው። ለማያውቀው፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች በእግሩ የሚረግጣት ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። የጊታሩን ጥርት ያለ ድምፅ ተቀብላ ሻካራና ጎርናና አድርጋ ታወጣዋለች። ዓለም ድምፅ ለማጥራት ሲደክም እኔ ለማደፍረስ እደክማለሁ። አሁን ይሄ ሁሉ በስልክ እንደሚሠራ ብዙ ወጣቶች በትሕትና ነግረውኛል። ካሜራ ከመጣ በኋላም ሰው መሳል አልተወም ብዬ መልሼላቸዋለሁ። ደንበኞቼ ጥቂት የመዝሙር ቡድን ጊታሪስቶች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ድምፁን እስካሁን አልባረኩትም።

የምጠቀመው ከድሮ ሬዲዮ የሚወጣ ጀርማኒየም የሚባል ትራንዚስተር ነው። ለዚህ ስል በዴሳና ተበላ ከተሞች ድረስ እየሄድኩ የሞቱ ሬዲዮኖች እለቅማለሁ። ጀርማኒየም አንድ ክፉ አመል አለው፤ ሙቀት አይችልም። ፀሐይ ከፍ ስትል ድምፁ ይልፈሰፈሳል፣ ይቆራረጣል። ስለዚህ ፔዳል የምሞክረው የዳሞታ ተራራ ብርድ ሳይለቅ፣ በማለዳ ነበር።

ያን ዕለት አዲስ የጨረስኳትን ፔዳል ከጊታሩና ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘሁ። የብየዳው ጭስ እንዲወጣ መስኮቱን ከፈትኩ። ከዚያ ወፍራሙን ክር መታሁት። ጥሩ ፈዝ ድምፁ ቶሎ አይሞትም፤ ይጎተታል። ዝም እስኪል ጠብቄ ደገምኩት። እንደገና ደገምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ጊታሩን ሳስቀምጥ ለቅሶ ሰማሁ።

ወጣሁ። የሰፈሩ ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወደ እትዬ አማረች ግቢ ይጎርፋል።

«ማነው?» አልኩ።

«ጋሽ አንጁሎ!» አለችኝ አንዷ እየሮጠች።

ጋሽ አንጁሎ የእትዬ አማረች ባል ናቸው፤ ኦቶና ሆስፒታል ከተኙ ሰንብተዋል። እትዬ አማረች አብረዋቸው አድረው፣ የባላቸውን ወንድም ተክተው፣ ለቁርስ አጥሚት ሊሠሩ ገና መምጣታቸው ነበር። ስገባ አጥሚቱ መሬት ላይ ፈሷል። እሳቸው የበሩን መቃን ይዘው ይጮሃሉ።

«ዞር ስል ጠብቆ! ብቻውን! ብቻውን!»

እኔም አለቀስኩ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት የዕድሩ ለፋፊ ዳልጎ በማለዳ ጥሩምባ ይነፋል፤ ቀጥሎ የሟቹን ስም ይጠራል። ጥሩምባውን አለመስማቴ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ጊታር እየመታሁ ስለነበር ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ዳልጎ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ፣ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እየሮጠ ገባ። ተቆጥቷል።

«ማነው የነፋው? እኔ አልነፋሁም! ጥሩምባው እኔው ጋ ነው ያደረው!»

«ሰማን እኮ ሁላችንም!»

«ስም ተጠራ?»

«አልተጠራም።»

«ስም ካልተጠራ ታዲያ ማን ሞተ ብላችሁ ነው?»

ሁሉም ከጥሩምባው ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ራሱ ሞልቶታል።

«ከወዴት ነበር የተሰማው?» አለ ዳልጎ።

«በደራሲው መስኮት በኩል» አለ አንዱ። ደራሲው የሚሉት እኔን ነው፤ ለምስጋና አይመስለኝም።

እንባዬ ገና አልደረቀም። ወደ እትዬ አማረች ቀረብኩ።

«እትዬ፣ ጥሩምባ አይደለም። የኔ ሳጥን ናት።»

«የምን ሳጥን?»

«የጊታር።»

ጩኸታቸውን አቁመው አዩኝ። «እና አንጁሎስ?»

«እሱን አላውቅም።»

የባላቸውን ሞት ነጠቅኳቸው እንጂ በሕይወት መኖራቸውን ልሰጣቸው አልቻልኩም። ሆስፒታል ወዳለው ወንድምየው ስልክ ተደወለ፤ ዝግ ነው። ያን ጊዜ ለቀስተኛው ሁሉ በባጃጅ እየሆነ ወደ ኦቶና ተነሣ። እትዬ አማረች ከጎኔ ተቀምጠው እጅጌዬን ጨብጠው ይዘዋል።

«ሞቶ ካገኘሁት አንተ ነህ የገደልከው» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። እኔም መንገዱን ሙሉ፣ ለማንም ነግሬ በማላውቀው ዓይነት፣ ስጸልይ ሄድኩ።

ዘበኛው ሁላችንንም አላስገባም አለ። እሳቸው እጅጌዬን ስላልለቀቁ እኔም ገባሁ። ጋሽ አንጁሎ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«አማረች፣ አጥሚቱስ?» አሉ።

እትዬ አማረች ወለሉ ላይ ዘጭ አሉ። ጋሽ አንጁሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ሆነች? ማን ሞተ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ታሪኩን ስነግራቸው ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ደግፈን ወደ መስኮቱ ወሰድናቸው። ታች ግቢው ውስጥ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ሞልቷል። ከመካከሉ አንዱ አያቸውና እጁን አወዛወዘ፤ ሌላው ተከተለ።

ጋሽ አንጁሎም እጃቸውን አነሡላቸው።

«ሰው እኮ ይሄን ሳያይ ነው የሚቀበረው» አሉ።

ድነው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ስሜ «ገዳዬ» ሆነ። «ገዳዬ፣ ዛሬስ የማን ተራ ነው?» እያሉ ማለዳ ብቅ ይላሉ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጄ ላይ ይቀመጣሉ። «የኔን ምታት እስቲ» ይላሉ። ያንን ወፍራም ክር እመታላቸዋለሁ፤ እስኪጠፋ ድረስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከሶዶ ጊታሪስቶች መካከል እንኳ እንደዚያ የሚያዳምጥ አላገኘሁም።

ባለፈው በጋ ሕመሙ ተመልሶባቸው እንደገና ኦቶና ገቡ።

አንድ ማለዳ ተኝቼ ጥሩምባ ሰማሁ። ከአጥር ማዶ አንዱ በሳቅ «ደራሲው፣ ኧረ ቀንሰው!» ብሎ ጮኸ። ሌላም ሰው ሳቀ። ማንም ከቤቱ አልወጣም።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። የዕድሩ ሽማግሌዎች ለእትዬ አማረች መርዶ ሊነግሩ ገና እየመጡ ነበር፤ ዳልጎ ቸኩሎ ጥሩምባውን ቀድሟቸው ነፍቷል። እትዬ አማረች በራቸው ላይ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹን አልፈው ያዩት እኔን ነው።

«ያንተ ናት አይደል?» አሉኝ። «ያንተ ናት በለኝ።»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ከኋላዬ ዳልጎ ስሙን ጠራ።

ያቺን ፔዳል አልሸጥኳትም። አሁን ሥራዬን የምሞክረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙቀቱ ጀርማኒየሙን ያልፈሰፍሰዋል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ጊታሪስቶቹ የድሮው ይሻል ነበር ይሉኛል። አልከራከራቸውም፤ ክርክር እንደምወድ የሚያውቁ ሰዎች ይህን ሲሰሙ አያምኑም።

በቀደም እትዬ አማረች በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ማለዳ ማለዳ ለምን ተውክ?» አሉ። «በኔ ከሆነ ምታት። ከእንግዲህ የምፈራው የለኝም።»

እስካሁን አልመታኋትም።